አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?

«ጋሼ፣ መጠየቅ ኃጢአት ነው እንዴ?»

ይህን የጠየቀችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ትምህርቶች አንዱ የሆነውን የሎጂክ ኮርስም ጀምራለች። ለእረፍት ቤቷ በመጣች ጊዜ አንድ ሰባኪ በስልክ ስለሚያሰራጨው የፈውስ ወሬ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብትል፣ አያቷ «ሃይማኖት ይታመናል እንጂ አይመረመርም» ብለው ዘጉባት። አያቷ ጾምና ጸሎታቸው የማይጓደል፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው እናት ናቸው። እርሳቸውን ላለማስቀየም ዝም አለች፤ ጥያቄው ግን ከሆዷ አልወጣም።

«ኃጢአት አይደለም» አልኋት። አጭሩ መልስ ይህ ነው። ረጅሙ ግን ለእርሷ ብቻ ተነግሮ የሚያልቅ አልመሰለኝም። እዚህ ኮልፌ 18 ማዞሪያ በዕድር ስብሰባ፣ በልቅሶ ድንኳን፣ በታክሲ ወረፋ ላይ የምሰማው ክርክር ብዙው የሚበላሸው እዚችው ላይ ነው፦ «በምን አወቅህ?» ማለት እንደ ድፍረት፣ ሲከፋም እንደ ክህደት ይቆጠራል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ እውነትን የማክበር መጀመሪያ ነው፤ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል።

እኔ የሥራ ዘመኔን በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያሳለፍሁ ጡረተኛ ዳኛ ነኝ። ስለ ማሰብ የማውቀውን ብዙውን ያስተማሩኝ ምስክሮች ናቸው። ምስክር ይምላል፤ ያቀረበው ወገን ዋና ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ተቃራኒው ወገን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል፤ ዳኛውም ያልጠራለትን ማጣሪያ ይጠይቃል። ከማጣሪያ ጥያቄዎቼ መካከል በማንም ምስክር ላይ ያላለፍኋት አንዲት ነበረች፦ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

አንድ ጊዜ ሁለት የአጠና ነጋዴዎች በብድር ተካሰው ከፊቴ ቀረቡ። ከሳሽ ሦስት ምስክሮች አቆመ። ሦስቱም ተከሳሹ ገንዘቡን መቀበሉን ሳይለያዩ ተናገሩ፤ በችሎቱ የነበረ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። አንድ በአንድ ያችን ጥያቄ ስጠይቃቸው ግን የመጀመሪያው ከከሳሹ ወንድም መስማቱን ተናገረ። ሁለተኛውም ከዚያው ወንድም ነው የሰማው። ሦስተኛው ከሁለተኛው። ወንድምየው ግን ለምስክርነት አልተቆጠረም። ምስክሮቹ ሦስት፣ ምንጩ አንድ፤ ያም አንዱ ያልተጠየቀ። ይህን ዓይነቱን የሕግ ሰዎች የስሚ ስሚ ይሉታል። ሰዎቹ አልዋሹም፤ የሰሙትን ተናገሩ። የሰሙት ነገር እውነት ለመሆኑ ግን የሚያውቁት አንዳች አልነበረም።

ዛሬ ይህ ችሎት በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። አንድ ወሬ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ደጋግሞ ሲመጣብን «ይህን ሁሉ ሰው ምን አስዋሸው?» እንላለን። ያን ሁሉ ሰው የሚያስዋሽ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ከአንድ ሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የተናጋሪውን ብዛት ትቶ ምንጩን መቁጠር ነው።

በሰፈራችን ባሉ ሙስሊም ወንድሞቻችን ሃይማኖት ውስጥ ይህ ጥበብ ከጥንትም የነበረ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ቃል ከነቢዩ መሐመድ የተላለፈ ነው ሲባል የቃሉን ማማር አይተው ብቻ አይቀበሉትም። ማን ከማን ሰማ? ሁለቱ በአንድ ዘመን ነበሩ? ተራኪው በሐቀኝነቱና በማስታወስ ችሎታው የታመነ ነው? እያሉ ኢስናድ የሚባለውን የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ይመረምራሉ። ሰንሰለቱ የላላ ከሆነ «ደዒፍ» ብለው ይለዩታል። በዘጠነኛው መቶ ዘመን የኖሩት ኢማም አል ቡኻሪ ስማቸው እስከ ዛሬ የተከበረው በዚህ ጥንቃቄያቸው ነው። ይህን ሁሉ የደከሙት እምነት ጎድሏቸው አይደለም፤ ነቢያቸው ያላሉትን አሉ ላለማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ውስጥም የቤርያ ከተማ ሰዎች የሰሙትን ስብከት ከመጻሕፍት ጋር በማመሳከራቸው ተመስግነዋል እንጂ አልተወቀሱም።

መመርመር ማፍረስ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለእነርሱ የሰፈራችንን ወሬ እነግራቸዋለሁ። ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል ይባላል። አንድ ወጣት «ይህ የሰፈር ጉራ ነው» ቢለኝ አልቆጣም፤ ማስረጃውን አቀርብለታለሁ። ማንዴላ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ መሠልጠኑን ጽፏል። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገሩ እንደተጠራም ይናገራል። ባለቤቱ የጻፈው ነው፣ የደረሰበትን ነው የጻፈው፣ ቦታውንም በስም ጠርቶታል። ስለዚህ ይህ ወሬ ፈተናውን አልፏል። «አባቴ ቤት መጥቶ ጠጅ ጠጥቷል» የሚለው ግን እስካሁን ስሚ ስሚ ነው። አንዱን መቀበልና ሌላውን ማቆየት ይቻላል፤ የምርመራ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ እውነተኛው ከተጠረጠረው ጋር አብሮ እንዳይጣል ይጠብቀዋል።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይመጣል። ክርክር ሁሉ ሁለት ነገር አለው፦ ተከራካሪው የሚደርስበት መደምደሚያና ያን የሚሸከም መነሻ። እዚህ አጠና ተራ የሚሸጠው እንጨት ፎቅ ሲሠራ መወጣጫ ይሆናል። ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ያያል፤ አጠናው ራሱ ያልነቀዘ መሆኑንና በደንብ የታሰረ መሆኑን። ደኅና አጠና ካልታሰረ ይጥላል፤ በደንብ የታሰረም ከነቀዘ ይሰበራል። ክርክርም እንዲሁ ነው። መነሻው እውነት ነው ወይ? እውነት ቢሆንስ ወደ መደምደሚያው ያደርሳል ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለያይቶ የሚጠይቅ ሰው የሎጂክን ግማሽ ተምሯል።

የሚረሳው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በአንድ መንደር ስርቆት ደረሰና ጎረቤቶች አንድ ወጣት ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ክርክራቸው ይህ ነበር፦ ሌባ በሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ልጅም በሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ሌባው እርሱ ነው። ሁለቱም መነሻዎች እውነት ነበሩ። ልጁ በእርግጥ ሌሊት ይወጣል፤ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሊጥ የሚያቦካው በዚያ ሰዓት ነውና። ሌባ ሌሊት ይንቀሳቀሳል ማለት ሌሊት የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ሐኪሙም፣ ዘበኛውም፣ ለማሕሌት የሚነሣው ካህንም በሌሊት ይሄዳሉ። ይህን ስሕተት በቤተሰብ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ላይ ስናደርገው ጉዳቱ ይበዛል፤ «እንዲህ ያደረጉት ከእነዚያ ወገን ነበሩ፤ እርሱም ከእነዚያ ወገን ነው» ብለን ያላደረገውን እንፈርድበታለን።

ሌላው ስሕተት መከተልን ማስከተል አድርጎ ማየት ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ ሰው ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ወደ ዝንጅብል፣ ወደ ሎሚና ወደ ፌጦ ሮጠ። «ፌጦ ጠጣሁ፣ በሳምንቱ ዳንሁ» የሚል ምስክር በየቤቱ ሞላ። ሰውዬው ፌጦ መጠጣቱ እውነት ነው፤ መዳኑም እውነት ነው። ግን ከታመሙት ብዙዎቹ ምንም ሳይጠጡ በሳምንት በሁለት ሳምንት ተሽሏቸው ተነሥተዋል። ፌጦው አዳነ ለማለት የጠጡትንና ያልጠጡትን ማነጻጸር፣ ጠጥተው ያልዳኑትንም መቁጠር ያስፈልጋል። የሞተ ሰው ምስክርነት አይሰጥም። ስለዚህ የምንሰማው የዳኑትን ብቻ ነው፤ ፍርዳችን የሚዛባውም በዚህ ነው።

የልጅቷን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ አንድ ምሳሌ ደግሞ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት በጀመረበት ዘመን ብዙ ምእመናን ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ከወሰደ እምነቱን ጥሏል ብለው ያምኑ ነበር። ወይ ጠበል፣ ወይ ኪኒን። በእንጦጦ ጠበል ቦታ መድኃኒታቸውን ጥለው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩ፣ ሕመምተኛው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንዳለበት በይፋ ተናገሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አባታችን የማንንም እምነት አላፈረሱም። ያፈረሱት አንድ የተበላሸ ክርክር ነው። «ከሁለት አንዱን ምረጥ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሁለቱ አብረው የማይሄዱት ለምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ይህን ያልጠየቁ ሰዎች ሞተዋል። ስለ ሎጂክ ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም፤ የሰው ነፍስ አለበት።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ክርክር ሲጠፋን ወደ ተረትና ምሳሌ እንሸሻለን። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔም ምሳሌ እወዳለሁ። ግን ምሳሌ ነገርን ያሳያል እንጂ አያስረዳም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተመልከቱ። ሰማይ አለመታረሱ እውነት ነው። ሰማይ የማይታረሰው በሬ ስለማይቆምበት ነው፤ ንጉሥ የማይከሰሰው ደግሞ ሰዎች ስለፈሩት ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ቤት መምታታቸው ብቻ ነው። ጆሮ ደስ ስላለው ልብ ተቀበለው፤ በዚህም አባባል ስንት ግፍ ሳይጠየቅ አለፈ! ደግሞም ለያንዳንዱ ምሳሌ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። የሚዘገየው ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ የሚነቅፈውም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይለዋል። ሁለቱም አምረው ተናገሩ፤ ሥራው መቼ መጀመር እንዳለበት ግን ማንኛቸውም አላስረዱም።

«ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ትምህርት ነው» የሚለኝ ሰው አጋጥሞኛል። የአባቶቹን ሙግት ቢያውቅ እንዲህ አይልም። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይቀር ዳኛ ሁንልን ተብሎ ይቀመጥ ነበር። «ተጠየቅ» ሲባል ተጠያቂው በሰው ሁሉ ፊት መልስ መስጠት ነበረበት። በላ ልበልሃ እየተባለ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ የሚሟገቱት ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር፦ እከሌ በደለኝ ያለ ሁሉ ይጠየቃል፤ የተጠየቀም ይመልሳል፤ የሚሰማውም ሕዝብ መፍረድ ይችላል። በቤተ ክርስቲያንም የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ሲተረጉም ለተማሪው የሚያሳየው አንድ ቃል ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሊሸከም እንደሚችል ነው። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ነግሮ ይታረማል እንጂ ለራሱ አድንቆ አይቀመጥም።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። በዚያ ሙግት አንደበተ ርቱዕ ብዙ ጊዜ አንደበት የሌለውን ይረታ ነበር። ግጥሙ ያማረለት፣ ድምፁ የጎላ፣ ተቃራኒውን በነገር ወግቶ ሸንጎውን ያሳቀ ሰው እውነቱን ይዞ የሚንተባተበውን ድሃ ያሸንፈዋል። ዛሬም በቴሌቪዥን ክርክርና በዕድር ስብሰባ የምናጨበጭበው ለማን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። ከዚህም የባሰው ሌባ ሻይ ይባል የነበረው ልማድ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቅ ነበር፤ ተንከራትቶ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። እዚህ ምስክሩ ምንም አላየም፣ ምንም አልሰማም፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለትም አይችልም። ተከሳሹ የሚሟገተው ከማን ጋር ነው?

ሌባ ሻይ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ መንፈሱ ግን አልቀረም። ዛሬ በየቤቱ የታመመች ልጅ ይዘው ወደ አንድ «ባለ ራእይ» የሚሄዱ ወላጆች አሉ፤ እርሱም «ያሳመመቻት አክስቷ ናት» ይላቸዋል። ጠንቋይም ይለዋል፣ አጥማቂ ነኝ የሚልም ይለዋል፣ ነቢይ ነኝ የሚልም ይለዋል። አክስቲቱ ምን ብላ ትከላከል? ለዓመታት ቡና አብረው የጠጡ እህትማማቾች በዚህ ቃል ተቆራርጠው ሲቀሩ አይቻለሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው። ይህ ሕግ ለፍርድ ቤት ብቻ የተጻፈ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ እኔ ግን በሳሎናችንም፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ሊከበር የሚገባው የእውነት ሥርዓት ነው እላለሁ። በእግዚአብሔር ስም ሰውን የሚከስ ሰው ከማንም የበለጠ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የጠራው ስም ታላቅ ነውና።

እዚህ ላይ የአያቷን አባባል በጥንቃቄ መመለስ እፈልጋለሁ። «ሃይማኖት አይመረመርም» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። አንደኛው የእምነት ምሥጢር ነው፤ ሰው በጸሎትና በሕይወቱ የሚቀርበው፣ በፍርድ ቤት ማስረጃ የማይለካ። ይህን አከብራለሁ፤ እኔም ቅዳሴ አስቀዳሽ ነኝ። ሁለተኛው በሃይማኖት ስም የሚነገር የዚህ ዓለም ወሬ ነው፦ እከሌ ሰረቀ፣ እከሊት አስነካች፣ ይህ ቅባት ካንሰር ያድናል፣ ይህን ያህል ብር ብትሰጡ ይህን ያህል ይመለስላችኋል። ሁለተኛው በአንደኛው ካባ ሲሸፈን ነው አደጋው። የፈውሱን ወሬ የጠየቀችው ልጅ የነካችው ሁለተኛውን እንጂ አንደኛውን አልነበረም።

ከዚህ አልፎ አንደኛውንም የጠየቀ ሰው በመጽሐፍ ደርሶናል። ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል። በስሙ የሚታወቀው ሐተታ እንደሚተርከው፣ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ ተወለደ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉበት ዘመን በጠላት ተከሶ ሸሸና በተከዜ አጠገብ ሁለት ዓመት ያህል በዋሻ ተቀመጠ። መዝሙረ ዳዊትም ይዞ ነበር። በዚያ ዋሻ እየጸለየ ጠየቀ፦ ካቶሊኩ የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይላል፤ ግብጻዊውም የእኔ ይላል፤ ሙስሊሙም አይሁዱም እንዲሁ። ሁሉም ከሳሽም ተከሳሽም ከሆነ ዳኛው ማን ይሁን? መልሱ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ነው የሚል ነበር። በዚህ መለኪያ ባርነትን ነቀፈ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ኋላም እንፍራዝ ተቀምጦ አስተማረ፤ ወልደ ሕይወት የተባለው ደቀ መዝሙሩም የራሱን ሐተታ ጻፈ። ልብ ያልነው እንደሆነ ይህ ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው በጸሎት ነው።

የዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ ራሱም ተከሷል። በእጅ የተጻፉት ሁለቱ ቅጂዎች የተገኙት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ እጅ ነው፤ ወደ ፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ የደረሱትም በእርሱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በብዙ ጥራዝ ተከራከሩ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው የታሪክ ጥያቄ በታሪክ ማስረጃ ይለይ፤ በአገር ፍቅር ተነሥተን «የእኛ ነው» ማለት፣ በንቀት ተነሥተንም «አፍሪካዊ ይህን አይጽፍም» ማለት ሁለቱም ማስረጃ አይሆኑም። ባርነት ክፉ ነው የሚለው ክርክር ግን በጸሐፊው ማንነት አይቆምም፣ አይወድቅም። ጻድቅ የተናገረው ሁሉ ትክክል፣ ኃጢአተኛ የተናገረው ሁሉ ስሕተት አይሆንም። ቃሉ በራሱ ይመዘን።

በራሱ ስንመዝነውም የማልስማማበት አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ምንኩስና ፈጣሪ ለሰው ካወጣው የመዋለድ ሥርዓት ጋር ይጋጫል ብሎ ይነቅፈዋል። እኔ እንዲህ እመልሳለሁ፦ ሰው ሁሉ ቢመንን ዓለም ያልቅ ነበር ማለት እውነት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ዳኛ ቢሆንም የሚያርስ ጠፍቶ በረሃብ እናልቅ ነበር። ከዚህ ግን ዳኝነት ክፉ ነው የሚል አይወጣም። ለሁሉ የማይሆን መንገድ ለአንዳንዱ መልካም ሊሆን ይችላል። በዚህ ባልስማማም አላንቋሽሸውም፤ ያለውን እንዳለ አስቀምጬ በምክንያት መለስሁለት። ምክንያት ያመጣ ሰው ቢመልስልኝ እኔም እሰማለሁ። በሃይማኖት ጉዳይ መከራከር እንዲህ ይቻላል።

ሳይቻል የቀረበትን ቀን ደግሞ ታሪካችን ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ የኖሩት የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ተሰበሰቡ። ጉባኤው ሲያበቃ ተዋሕዶ ብቸኛዋ እምነት ትሁን ተብሎ በአዋጅ ተወሰነ፤ የተሸነፉት ወገኖች ትምህርታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ፤ የአገሩ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የጉባኤውን የእምነት ቃል አምናለሁ። ሆኖም አዋጅ ምላስን ዝም ያሰኛል እንጂ ልብን አያሳምንም። እውነት ከእኛ ጋር ከሆነች ዱላ ለምን ያስፈልጋታል? በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛ ፍርዱን ብቻ አንብቦ አይነሣም፤ የፈረደበትን ምክንያት መጻፍ አለበት። የተረታው ሰው ቢያንስ ለምን እንደተረታ ያውቃል፤ ይግባኝም ይላል። የሃይማኖት መምህር ከዳኛ ያነሰ ግዴታ ያለበት አይመስለኝም።

የመጨረሻው ትምህርት ከሁሉ ይከብዳል። ጥያቄን በጠላት ላይ ማንሣት ቀላል ነው፤ የማንወደው ሰው የተናገረውን ለማፍረስ ሁላችንም መስቀለኛ ጠያቂ ነን። የወደድነውን ወሬ፣ የወገናችንን መሪ፣ ደስ ያሰኘንን ስብከት ግን ምስክር ሳንጠይቅ እንቀበላለን። ዳኛ ሳለሁ አንድ ልማድ ነበረኝ፤ ፍርድ ከመጻፌ በፊት ልፈርድበት ያሰብሁትን ወገን ክርክር ከጠበቃው በተሻለ አሳምሬ ለራሴ እናገረው ነበር። ከዚያ በኋላም ውሳኔዬ ከቆመ እፈርማለሁ። ይህን ልማድ ለማንም እመክራለሁ። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱ የጴንጤውን፣ ጴንጤውም የኦርቶዶክሱን ክርክር ባለቤቱ «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አስተካክሎ መናገር ይቻል። ከዚያ በኋላ ይቃወም።

ይህ ሁሉ በትሕትና ይሁን። ባለፈው በዕድራችን አዲስ የገባ አባል የወጪ ደረሰኞችን ለማየት ሲጠይቅ አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጠረጠረን» ብለው ተቆጡ፤ አንዱም «ትናንት መጥተህ!» አለው። ደረሰኝ መጠየቅ መክሰስ አይደለም፤ የመጣበት ቀንም የጥያቄውን ዋጋ አይቀንስም። ሒሳቡ ደኅና ነበርና ደረሰኙ ሲታይ የተከበሩት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ሆኑ። ጠያቂውም ቢሆን ታላቅን በታላቅነቱ ጠርቶ፣ ዝቅ ብሎ መጠየቅን አይርሳ፤ ጥያቄ ከስድብ ጋር ከተቀላቀለ መልስ የሚሰጥ የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለውም አስተምረውናል።

እንግዲህ ወላጆች፣ መምህራን፣ ካህናት፣ ኡስታዞች፣ ፓስተሮች፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። በየቤታችሁ የሎጂክ ኮርስ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ደብተራቸው ላይ ያለውን ከእናንተ ጋር ካልተለማመዱት ፈተና አልፈውበት ይረሱታል። ልጃችሁ «በምን አወቃችሁ?» ሲላችሁ አትቆጡት። ያያችሁትን አየን፣ የሰማችሁትን ሰማን ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት፤ የማታውቁት ከሆነም አናውቅም በሉትና አብራችሁ ፈልጉ።